ጅማ ላይ በረዶ የለም፤ ታዲያ ኩላንት ለምን? (አፈታተሽ፣ አጠባ፣ አቀያየር)

መካኒክ_ዘ_ጅማ

«እዚህ አገር በረዶ የለም፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል» የሚለው ነገር ብዙ ሞተር እየበላ ስለሆነ ጉዳዩን አንድ ቦታ ሰብስቦ ማስቀመጥ ይሻላል። የምታውቁትን ጨምሩበት፣ የተሳተ ካለም አርሙ።

ኩላንት (ከውሃ ጋር ተደባልቆ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከመበላት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ለጅማ መኪና አያስፈልግም። የቀሩት ሁለቱ ግን በጣም ይመለከቱናል። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ ቶዮታ ቴርሞስታት (ውሃው ሲግል የራዲያተሩን መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፤ ሞተሩ በደህና ቀን የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ባለው መሃል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ንጹህ ውሃ የያዘ ሞተር ሁልጊዜም ለመፍላት አፋፍ ላይ ነው። ክዳኑ ጤነኛ ሆኖ 1.1 ባር ከያዘ ግን ውሃው እስከ 118 ዲግሪ ገደማ፣ ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ኩላንት ደግሞ እስከ 126 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የጊቤን ዳገት ወደ ወልቂጤ በቀትር፣ ከነጭነት ለሚወጣ መኪና ይህ የ8 ዲግሪ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መበላቱን በተመለከተ፦ በቧንቧና በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም በጣም በሚግለው ቦታ፣ ማለትም በሲሊንደሩ ዙሪያና በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ፣ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍም፤ የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ቆሞ እያለ ብረቱ ለብቻው ይግላል። ክሎራይዱ ደግሞ አሉሚኒየሙን እየቦረቦረ ይሄዳል። የውሃ ፓምፑ ክንፎች ተበልተው ጠፍጣፋ ሳህን ሆነው የሚወጡት፣ የቴስታታው የውሃ ቀዳዳ ሰፍቶ ጋርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ጠርዝ ድረስ የሚደርሰው በዚህ ነው።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቱና ናሙናውን ከራዲያተሩ ቅዱ። ከሪዘርቭ ታንኩ አትቅዱ፤ እዚያ ያለው ከዋናው ጋር በደንብ ስለማይደባለቅ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል። በነጭ ጠርሙስ ቀድታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ጥርት ብሎ ቀለሙን ከያዘ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ ዝገት ነው። ታች ደለል ከጣለ መታጠብ አለበት። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም ወተት ከመሰለ ነገሩ ከኩላንት አልፏል፤ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ወይም የዘይት ማቀዝቀዣ ጉዳይ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ላይ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሪፍራክቶሜትር፤ የኩላንቱን መቶኛ ከጠብታ የሚያነብ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጠብታ የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ አድርጋችሁ መስመሩን ዜሮ ላይ አስተካክሉ፣ ጥረጉት፣ ከዚያ ኩላንቱን ጠብ አድርጋችሁ በኤቲሊን ግላይኮል (የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ) ረድፍ ላይ አንብቡ። ከዜሮ በታች 37 (የሚረጋበት ዲግሪ) ካለ ድብልቁ 50 በመቶ ነው። 24 ካለ 40 በመቶ፣ 18 ካለ 33 በመቶ፣ 12 ካለ 25 በመቶ ገደማ። እኛ የምንፈልገው ብርዱን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን መቶኛ ነው። ከ40 እስከ 50 ባለው መሃል ያዙት። ከ60 ሲያልፍ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ «ወፍራም ይሻላል» ብሎ ንጹህ ኮንሰንትሬት (ውሃ ያልተጨመረበት ኩላንት) መሙላት ጉዳት ነው።

ሪፍራክቶሜትሩ የማይነግራችሁ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የፀረ ዝገቱን ሁኔታ። ግላይኮሉ ለዓመታት አይጠፋም፣ ፀረ ዝገቱ ግን ያልቃል። ለዚህ የፒኤች ወረቀት (አሲድነትን በቀለም የሚያሳይ) ያስፈልጋል። አዲስ ኩላንት እንደ ዓይነቱ ከ7.5 እስከ 11 ባለው መሃል ነው። 7 ከደረሰ ወይም ከዚያ ከወረደ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ይቀየራል።


ሰሚራ_ቪትዝ

በዚህ መሠረት የለካሁት ይኸው፤ እስቲ እዩልኝ። ቪትዝ፣ አንድ ሊትር ሞተር። ቀለሙ የደበዘዘ ሮዝ፣ ደለል የለውም። ሪፍራክቶሜትሩ ከዜሮ በታች 12። ፒኤች 7። ባትሉኝም ኩላንቱን በመልቲሜትርም ለክቼዋለሁ፤ 0.45 ቮልት፣ መብራት ሲበራ 0.7። መመሪያው 4.5 ሊትር ይላል። ኮንሰንትሬት ጨምሬ ላስተካክለው ወይስ ሙሉ በሙሉ ይውጣ?


የአጋሮ_መስመር

ሰሚራ፣ መጨመሩን ተይው፤ ይውጣ። 12 የሚለው ንባብ 25 በመቶ ግላይኮል ብቻ አለ ማለት ነው፤ አንድ ሰው ውሃ እየጨመረበት ቆይቷል። ፒኤቹም 7 ላይ ስለሆነ የጨመርሽው አዲስ ኩላንት ፀረ ዝገቱን ለአሮጌው ማስተካከያ አውጥቶ ይጨርሰዋል።

ፒኤቹ ደህና ሆኖ መቶኛው ብቻ ለወረደባቸው ግን ሒሳቡ ይህ ነው። ከሚፈለገው መቶኛ አሁን ያለውን ቀንሱ፣ በሞተሩ ሙሉ መጠን አባዙ፣ ከዚያ ለ«100 ሲቀነስ አሁን ያለው» አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር አፍስሳችሁ በኮንሰንትሬት የምትተኩት ሊትር ነው። ለምሳሌ 6 ሊትር የሚይዝ ኮሮላ 25 በመቶ ላይ ቢገኝና 45 ቢፈለግ፦ 20 ሲባዛ በ6 ሲካፈል ለ75፣ 1.6 ሊትር። ያንን ያህል አፍስሱ፣ ያንን ያህል ኮንሰንትሬት ሙሉ፣ ሞተሩን አሙቁ፣ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ለኩ። «ሬዲ ቱ ዩዝ» የሚል ቀድሞ የተበረዘ ኩላንት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ግማሹ ውሃ ስለሆነ ቁጥሩን ብዙም ከፍ አያደርግላችሁም።


ኤሌክትሪሺያኑ

የመልቲሜትሩን ነገር ላብራራ፤ ብዙ ሰው ለክቶ ትርጉሙን ሳያውቅ ያልፋል።

ዲሲ ላይ አድርጉት፤ 2 ቮልት የሚል ክልል ካለው እሱን ምረጡ። ጥቁሩ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩ ኩላንቱ ውስጥ ይጠለቅ። የቀዩ ጫፍ የራዲያተሩን ብረት እንዳይነካ፤ ከነካ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ 0.2 ቮልትና ከዚያ በታች ደህና ነው። ከ0.4 በላይ ከሆነ ፀረ ዝገቱ አልቆ ኩላንቱ ከብረቶቹ ጋር ደካማ ባትሪ ሆኗል። ይህ ሸካራ መለኪያ ነው፤ ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም፣ ከፒኤቹ ጋር ሲስማማ ግን እመኑት።

የሰሚራ ንባብ ሁለት ችግር ነው የሚያሳየው። ጠፍቶ 0.45 መሆኑ አሮጌ ኩላንት ነው። መብራት ሲበራ ወደ 0.7 መውጣቱ ግን የኩላንት ጉዳይ አይደለም። ግራውንዱ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው ገመድ) ስለላላ ኤሌክትሪኩ በኩላንቱ በኩል መንገድ እየፈለገ ነው። ይህን ሳታስተካክይ አዲስ ኩላንት ብትሞዪ ራዲያተሩ መበላቱን ይቀጥላል። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄዱትን ገመዶች ፍቺ፣ ጫፋቸውንና ቡሎኑ የሚቀመጥበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጥረጊ፣ መልሰሽ አጥብቂ። ከዚያም መብራት፣ ቬንቶላ (ማራገቢያ)፣ ኤሲ አንድ በአንድ እያበራሽ ለኪ። ቁጥሩ በየትኛው ላይ ከዘለለ የዚያ ዕቃ ግራውንድ ነው የሚፈለገው። ሞተር ሲነሳ ብቻ ከዘለለ የሞተሩ ዋና ገመድ ነው።


መካኒክ_ዘ_ጅማ

ኤሌክትሪሺያኑ ልክ ነው፤ ግራውንዱ ይቅደም። አጠባውን ላስቀምጥልሽ፤ ለሌላውም መኪና ይሆናል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የዳሽቦርዱን ሙቀት መቆጣጠሪያ ወደ ሙሉ ሙቅ አድርጊ። ጅማ ላይ ሂተር የሚከፍት ሰው እምብዛም ስለሌለ ሂተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥና ታጥቦ የጸዳውን ሞተር እንደገና ያቆሽሻል። ከራዲያተሩ ሥር ያለውን መፍሰሻ ክፈቺ፣ ከዚያ ክዳኑን። መፍሰሻው ፕላስቲክ ስለሆነ በፒንሳ አታስጨንቂው፤ በእጅ እምቢ ካለ የታችኛውን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ማላቀቅ ይሻላል። ሪዘርቭ ታንኩን አውጥተሽ ለብቻው እጠቢ፤ አብዛኛው ደለል የሚተኛው እዚያ ነው።

መፍሰሻውን ዘግተሽ በውሃ ሙዪ፣ የታችኛው ማኒኮቶ እስኪሞቅ አስነሺ። የታችኛው ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፣ ውሃው ሙሉ ዙር እየሄደ ነው ማለት ነው። ካልተከፈተ የምታጥቢው ራዲያተሩን ብቻ ነው። አጥፊ፣ ይቀዝቅዝ፣ አፍስሺ። ጥርት ያለ እስኪወጣ ይህንኑ ድገሚ፤ ሦስት አራቴ ሊፈጅ ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች የቧንቧ ውሃ ይሆናል። የመጨረሻው ዙር ግን የግድ በተጣራ ውሃ ይሁን፤ ምክንያቱም ስታፈሺው ሁሉ አይወጣም፣ ሞተሩ ውስጥ የሚቀር አለ።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። 4.5 ሊትር የሚይዝ ሞተር ከራዲያተሩ የሚፈስሰው 3 ሊትር ቢሆን 1.5 ሊትር ውሃ ብሎኩ ውስጥ ቀርቷል። በዚያ ላይ ቀድሞ የተበረዘ ኩላንት 3 ሊትር ብትሞዪ የምታገኚው 33 በመቶ ነው። ስለዚህ ኮንሰንትሬት ግዢ፤ የሙሉውን መጠን ግማሽ፣ ማለትም 2.25 ሊትር፣ መጀመሪያ አስገቢ፣ የቀረውን በተጣራ ውሃ ሙዪ። እንዲህ ካደረግሽ 50 በመቶው ልክ ይመጣል።

አየር ማስወጣት፦ መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት አድርገሽ አቁሚ። ቀስ ብለሽ ሙዪ፣ የላይኛውን ማኒኮቶ እየጨመቅሽ። ክዳኑን ሳትገጥሚ አስነሺ፤ ውሃው ሲወርድ ጨምሪ። መሞቅ ሲጀምር ውሃው ወደ አፉ ሊነሳ ስለሚችል ክዳኑን ቶሎ ግጠሚ፤ ከዚያ ቬንቶላው ሁለት ጊዜ በራሱ በርቶ እስኪጠፋ ጠብቂ። ሂተሩ ሙቅ አየር ካልነፋ አሁንም አየር አለ። ሪዘርቭ ታንኩን በሎውና በፉል መሃል ሙዪ፤ በማግስቱ ጠዋት ወርዶ ታገኚዋለሽ፣ መሙላት ነው።

የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና በረኪና ራዲያተር ውስጥ አታስገቡ። ዱቄቱ አረፋ ይሠራል፣ በረኪናው አሉሚኒየሙን ይበላል። ዝገቱ ከባድ ከሆነ ለራዲያተር ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ አለ፤ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አታሳልፉ።


አዌቱ_ዳር

የተጣራ ውሃ በማይገኝበት ጊዜስ? ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ነው፤ የዝናብ ውሃ አይሆንም? አፍልቶ ማቀዝቀዝስ?


የአጋሮ_መስመር

ማፍላት መፍትሔ አይደለም። ካልሲየሙ በከፊል ድስቱ ላይ ይቀራል እንጂ ክሎራይዱና ሰልፌቱ የትም አይሄዱም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይወፍራሉ። የታሸገ የመጠጥ ውሃም የተጣራ አይደለም፤ ማዕድኑ ውስጡ ነው።

የዝናብ ውሃ ማዕድኑ ጥቂት ስለሆነ ሌላ ሲጠፋ ከቧንቧው የተሻለ ነው። ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን አይደለም፤ ዚንክ፣ ዝገትና አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ጥቂት ከዘነበ በኋላ፣ ሰማዩ ከአቧራ ከጠራ በኋላ ማለቴ ነው፣ ንጹህ የፕላስቲክ ባልዲ ሜዳ ላይ አስቀምጡ። በነጭ ጨርቅ አጥልሉት።

ባትሪ ቤት ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። «የባትሪ ውሃ» ብላችሁ ስትጠይቁ አሲድ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ዲስትልድ ዋተር መሆኑን መለያው ላይ አንብቡ፤ መለያ ከሌለው በፒኤች ወረቀት እዩት። አሲድ ከሆነ ወረቀቱ ወዲያው ይቀላል።


ስፔር_መርካቶ

ስለ ዕቃው እኔ ልጨምር። ገበያው ላይ ኩላንት እየተባለ ቀለም የገባበት ውሃ ይሸጣል። ቀለም ዋስትና አይደለም፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ሁሉም ፋብሪካው እንደፈለገ የሚጨምረው ነው። መለያው ላይ የግላይኮሉ መቶኛ፣ ኮንሰንትሬት ወይም የተበረዘ መሆኑ፣ እንዲሁም ደረጃው መጻፍ አለበት፤ ኤኤስቲኤም ዲ3306 ወይም የጃፓኑ ጂአይኤስ ኬ2234። እነዚህ ከሌሉ አትግዙ።

ሪፍራክቶሜትር ለሌለው ሰው በጣም ቀላል ዘዴ አለ፤ ሚዛን። በጅማ ቡና የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን የት ጠፍቶ! የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ባዶውን መዝኑና ዜሮ አድርጉ። የተጣራ ውሃ ሞልታችሁ 500 ግራም የሚመዝንበት ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ውሃውን ደፍታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ኩላንቱን እስከዚያው ምልክት ሙሉ። ግማሽ በግማሽ የተበረዘ ኤቲሊን ግላይኮል 535 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኮንሰንትሬት 555 እና ከዚያ በላይ። 500 ወይም 503 ካለ ቀለም ነው የገዛችሁት። 520 አካባቢ ከመጣ ወይ ቀጥኗል ወይ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ መለያውን እዩ። ክብደቱ ልክ መሆኑ ፀረ ዝገቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ውሃ አለመሆኑን ግን ያረጋግጣል። ሚዛኑ በ1 ግራም የሚቆጥር መሆን አለበት፤ በ20 ግራም የሚዘልለው የጆንያው ሚዛን ለዚህ አይሆንም።

ቶዮታ ላይ ቀዩ ሎንግ ላይፍ በየ2 ዓመቱ ወይም በ40,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ሮዙ ሱፐር ሎንግ ላይፍ ቀድሞ የተበረዘ ነው፤ ከፋብሪካ የገባው እስከ 160,000፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ኪሎ ሜትር። ግን ይህ የሚሠራው ማንም ውሃ ሳይጨምርበት ለቆየ መኪና ነው። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ታሪኩን የማታውቁ ከሆነ ከዜሮ ጀምሩ። የድሮውን አረንጓዴ በሲሊኬት የተሠራ ኩላንት ከኦርጋኒክ አሲድ ዓይነቱ ጋር አትደባልቁ፤ አንዳንዱ ቅንጅት ዝልግልግ ይሆንና የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦ ይደፍናል፣ ባይደፍንም የሁለቱም ዕድሜ ያጥራል።


የናፍጣ_ሰው

ሁሉም ጥሩ። የቴርሞስታቱ መኖር ላይ ግን አልስማማም። ለሚኒባስና ለጭነት መኪና፣ ጊቤን ለሚወርድና ለሚወጣ፣ አውጥቶ መጣሉ ይሻላል። ውሃው ሳይታገድ ይዞራል። ቬንቶላውንም ዳይሬክት (ሁልጊዜ የሚዞር) ማድረግ ነው።


መካኒክ_ዘ_ጅማ

የናፍጣ_ሰው፣ ወንድሜ፣ ይህ በየጋራዡ የሚደረግ ነው፣ ግን ጉዳቱን ላሳይህ።

ቴርሞስታት የሚወስነው ሞተሩ ከስንት ዲግሪ በታች እንዳይሠራ ነው። ሙሉ ከተከፈተ በኋላ ለውሃው መንገድ ሰፊ ነው፤ ጤነኛ ቴርሞስታት ዳገት ላይ ሞተር አያግልም። የሚያግለው የተዘጋ ራዲያተር፣ የተበላ ፓምፕ፣ የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ ክዳን ነው፤ ቴርሞስታቱን ስታወጣ ዋናውን በሽታ ለጥቂት ጊዜ ትሸፍነዋለህ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የባይፓሱ (ራዲያተሩን የሚዘልለው አቋራጭ መንገድ) ነገር ነው። ብዙ ቶዮታና አይሱዙ ላይ የሚገጠመው ቴርሞስታት ከሥሩ ሁለተኛ ሳህን አለው። ዋናው ሲከፈት ያ ሳህን የባይፓሱን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ውሃው በሙሉ ወደ ራዲያተር እንዲሄድ። ቴርሞስታቱን ስታወጣ ባይፓሱ ለዘላለም ክፍት ሆነ፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ይገባል። ረጅም ዳገት ላይ ውሃ ሞልቶ ሂት የሚያደርገው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሞተሩ 60 ዲግሪ ላይ ይውላል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት አይተንንም፣ ፋሼታና (የፒስተን ቀለበትና) ሲሊንደር ያልቃል።

ቬንቶላ ዳይሬክት ማድረግም የተበላሸ ሴንሰርን ወይም ሪሌን መደበቅ ነው። የቬንቶላው ሞተር በዘላቂነት ያለማቋረጥ እንዲዞር ስላልተሠራ ይቃጠላል፤ የሚቃጠለውም መንገድ ላይ ነው። በቺንጋ የሚዞር ቬንቶላ ላላቸው ናፍጣዎች ፋን ክላቹን ፈትሽ። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ስታዞረው ልስልስ ያለ ትግል ሊኖረው ይገባል። እንደ ልቡ ከተሽከረከረ ወይም መሃሉ ላይ ዘይት ከታየ ሲሊኮኑ ፈስሷል።


አዌቱ_ዳር

ቴርሞስታቱን ራሱ በድስት እንዴት ነው የሚፈተሸው?


የአጋሮ_መስመር

ድስት፣ ውሃ፣ የሚያነብ ቴርሞሜትር። ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥሉት፤ ታች ከተኛ የድስቱ ሙቀት ያሳስታችኋል። ቀስ አድርጋችሁ አሙቁ። ላዩ ላይ የተቀረጸው 82 ከሆነ ከ80 እስከ 84 ባለው መሃል መላቀቅ መጀመር አለበት። መላቀቂያውን ለመያዝ ቀጭን ክር በቫልቩ አፍ አስነክሳችሁ አንጠልጥሉት፤ መከፈት ሲጀምር ቴርሞስታቱ ከክሩ ይወድቃል፣ ያን ጊዜ ሙቀቱን አንብቡ።

እዚህ ጋ የጅማ ነገር ይመጣል። የቶዮታ መመሪያ ሙሉ መከፈቱን በ95 ዲግሪ ለኩ ይላል፤ የእኛ ድስት ግን 94 ላይ ፈልቶ ይቆማል። ስለዚህ ከሚፈለገው ትንሽ አንሶ ቢከፈት ወዲያው ተበላሸ አትበሉ። ውሃው ላይ ኩላንት ጨምራችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ ምግብ በማይሠራበት ዕቃ ብትሞክሩ 95 ይደርሳል። ሲገጠም አየር ማስወጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ጂግል ፒን መመሪያው ወደሚለው አቅጣጫ ትዙር፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ነው፤ ጋርኒሲዮኑም ይቀየር።


ናፍጣ_ከባዱ

ለከባድ ናፍጣ አንድ ነገር ብቻ። ዌት ላይነር (ውጩን ኩላንት የሚነካው የሲሊንደር ቱቦ) ያላቸው ሞተሮች ላይ ላይነሩ ሲርገበገብ በውጭ በኩል ጥቃቅን አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን ይቦረቡራል፣ በመጨረሻ ውሃ ወደ ዘይት ይገባል። ይህን የሚከላከለው በኩላንቱ ውስጥ ያለው ናይትራይት ወይም እሱን የሚተካ ኦርጋኒክ ፀረ ዝገት ነው። የትንሽ መኪና ኩላንት ይህ ላይኖረው ይችላል፤ ለሄቪ ዱቲ የተሠራውን ግዙ። የናይትራይት ወረቀት ለብቻው አለ።


ሰሚራ_ቪትዝ

ግራውንዱን አጸዳሁ፣ አራቴ ታጠበ፣ 2.25 ሊትር ኮንሰንትሬት ገባ፣ የቀረው የተጣራ ውሃ። አሁን ከዜሮ በታች 34፣ ፒኤች 8፣ ቮልቱ መብራት በርቶም ጠፍቶም 0.15። አመሰግናለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር፦ ሪዘርቭ ታንኩ ከፉል ወደ ሎው እየወረደ ነው፤ ሥሩ ላይ ግን ምንም ጠብታ አላይም።


መካኒክ_ዘ_ጅማ

ንባቡ በጣም ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መውረዱ የቀረ አየር መውጣቱ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሞልተሽ እንደገና ከወረደ ግን የሚፈስበት አለ ማለት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ።

ክዳኑን እዪ። ላዩ ላይ 0.9፣ 1.1 ወይም በፒኤስአይ 13 ወይም 16 ተጽፏል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ይቀየር። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሿን ቫልቭ በጥፍርሽ ስትስቢያት ተስባ መመለስ አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃ ከታንኩ አይመለስም፤ የላይኛው ማኒኮቶ ጠዋት ጠዋት ተጨማዶ ታገኚዋለሽ።

ከዚያ የግፊት ፓምፕ ያለው ጋራዥ ሂጂ። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ብቻ ይነፋ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። ጌጁ ካልወረደ ውጫዊ ፍሳሽ የለም። ከወረደ በባትሪ መብራት ማኒኮቶዎቹ የሚታሰሩበትን፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክና አሉሚኒየም የሚጋጠሙበትን፣ በመኪናው ውስጥ የተሳፋሪውን እግር ምንጣፍ ሥር፣ በመጨረሻም የውሃ ፓምፑን ሥር እዪ። ፓምፑ ከዘንጉ በታች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። የፓምፑ ሲል (ማሸጊያ) ሲደክም ኩላንቱ በእሷ በኩል ይወጣል፣ የጋለው ብረት ላይ ወዲያው ስለሚደርቅ መሬት ላይ ጠብታ አይታይም። የሚታየው ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ነው።

ውጭ ምንም ካልተገኘ ወደ ቴስታታው ነው የሚኬደው። ብሎክ ቴስተር የሚባለው ሰማያዊ ፈሳሽ ራዲያተሩ አፍ ላይ ተደርጎ ሞተሩ ሲሠራ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የተቃጠለ ጋዝ ውሃ ውስጥ እየገባ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር በተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ማኒኮቶው ድንጋይ ከሆነም ምልክቱ ያው ነው።


ሰሚራ_ቪትዝ

ተገኘ። ፓምፑ ሥር፣ ልክ እንዳልከው፣ ሮዝ ቅርፊት ከቀዳዳዋ እስከ ብሎኩ ድረስ ወርዷል። ግፊቱም በ10 ደቂቃ ከ1.1 ወደ 0.8 ወርዷል። ኩላንቱ ገና አዲስ ነው፤ ፓምፑ ሲቀየር መጣል አለበት?


ስፔር_መርካቶ

አይጣልም። ንጹህ፣ ደረቅ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ አፍስሺው፣ በነጭ ጨርቅ አጥልለሽ መልሺው። ፓምፑን ስትገዢ ከነጋርኒሲዮኑ ይሁን፤ ክንፉ ብረት ይሁን ፕላስቲክ አሮጌው ጋ አስተያዪው፣ ዘንጉን አዙሪና ጨዋታ እንደሌለው እዪ። ቺንጋው ከተሰነጠቀ አብሮ ይቀየር፤ ለሁለቱም የሚከፈተው አንዱ ቦታ ነው።

ጀሪካኑ ላይ «መርዝ» ብለሽ ጻፊበት፤ የውሃ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አይቀመጥ። ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ሕፃንም ውሻም ይጠጣዋል፣ ጥቂቱ ኩላሊት ያጠፋል፣ ይገድላልም። የጠጣ ሰው ካለ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል ነው፤ ምልክቱ ሰዓታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ያፈሰስሽው አሮጌውም ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ ቦዩ አዌቱ ወንዝ ነው የሚገባው። ክዳኑ ተጠብቆ፣ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ሳይደባለቅ፣ ያገለገለ ፈሳሽ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጪው።


የአጋሮ_መስመር

ፓምፑ ሲገጠም የብሎኩን ፊት ከአሮጌው ጋርኒሲዮን በደንብ አጽዱ፤ በካቻቢቴ አትፋቁት፣ አሉሚኒየሙን ያጭራልና ፍሳሹ ከዚያው ይቀጥላል። የፕላስቲክ ፍቂያ ተጠቀሙ። ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር፣ መመሪያው በሚለው ቶርክ ይጠብቁ። ከዚያ አየር ማስወጣቱን እንደ አዲስ፣ የግፊት ፍተሻውንም እንደ አዲስ። ጌጁ 10 ደቂቃ 1.1 ላይ ከቆመ ሥራው አልቋል፤ ሪፍራክቶሜትሩን ደግሞ በየዘይት ለውጡ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።